አሮጌ የጣና ጀልባን ዊልቸር እንዲገባበት አድርጎ ማደስ፦ ለበጎ ፈቃደኞች ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ አንድ የተለመደ መፍትሔ አለ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ጀልባ ሊሳፈር ሲመጣ አራት ጎረምሶች ይጠራሉ። "አይዞህ" ይባላል። ከነወንበሩ ብድግ ይደረጋል። ጎረምሶቹ ክፋት የለባቸውም፤ ብዙ ጊዜ የሻይ እንኳ አይቀበሉም። ግን የሚረግጡት ሳንቃ እርጥብ ነው። አንዱን ካዳለጠው አምስቱም ውኃ ውስጥ ናቸው። ደግሞ እንደ ጆንያ ተጭኖ የሄደ ሰው ያንን ጉዞ ሁለተኛ አይመኘውም።

የቆየ የባቡር ታሪክ ባላቸው አገሮች ቅርስ ወዳድ በጎ ፈቃደኞች አሮጌ ፉርጎ ያድሳሉ። መቀመጫ ይነቅላሉ፣ በር ያሰፋሉ፣ ማንሻ ይገጥማሉ፣ ከዚያ ዊልቸር የሚጠቀም መንገደኛ እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጦ ይገባል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢደርስም ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም አልገባም። እኛ ጋ ዕድሜ የጠገበ የሕዝብ ማመላለሻ ከተፈለገ ጣና ላይ ያለው የብረት ጀልባ ነው። ሥራው ከፉርጎው ሥራ ብዙም አይለይም። ውኃ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጀልባው ነው። ቀለም፣ ወንበር፣ መጋረጃ። ከባዱ ሥራ ያለው ግን በመሬቱና በጀልባው መካከል ባለችው ክፍተት ላይ ነው። ገንዘባችሁ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ቀለሙ ይቆይ።

መጀመሪያ ሰውና ወንበር

ብረት ሳይቆረጥ ዊልቸር የሚጠቀሙ ሰዎች የቡድኑ አባል ይሁኑ። ለምርቃት ቀን የሚጠሩ እንግዶች አታድርጓቸው። ሜትር ሲዘረጋ፣ በር ሲመረጥ፣ ገንዘብ ሲመደብ ድምፅ ይኑራቸው። ከተማችሁ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ካለ እዚያ ሂዱና ሰው ጠይቁ። ወንድም ሴትም፣ ወጣትም አዛውንትም ቢሆኑ ይመረጣል። ወጣቱ በራሱ ጉልበት የሚወጣውን ዳገት አዛውንቱ አይወጡትም።

ቀጥሎ ወንበሮቹን ለኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ታጣፊው የሆስፒታል ወንበር አለ። በእጅ ፔዳል የሚነዳው ባለ ሦስት ጎማ አለ፤ እሱ ረጅም ነው፣ ለመዞርም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። በባትሪ የሚሄድም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ያ ባዶውን ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ስፋቱን ስትለኩ ከአንዱ የእጅ መግፊያ ቀለበት እስከ ሌላው ነው እንጂ የመቀመጫውን ጨርቅ አይደለም። ርዝመቱን ስትለኩ እግር ማሳረፊያውንና ወደፊት የወጣውን የጫማ ጫፍ ጨምሩ።

በሌሎች አገሮች አውቶቡስና ባቡር ሲነደፍ እንደ መለኪያ የሚያዘው ወንበር 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት አለው። ለማቆሚያ 75 በ130 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይተውለታል። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ቢጠብ ቢጠብ 80። ባለበት ለመዞር 1 ሜትር ተኩል ባዶ ወለል ያስፈልጋል። መወጣጫው ደግሞ ሰውና ወንበርን ጨምሮ 300 ኪሎ መሸከም አለበት። እነዚህን ቁጥሮች መሥሪያ ቦታችሁ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉ። በያጁም አናጢውም በየቀኑ ያዩዋቸው።

ጀልባ መምረጥና ወረቀት

ሰፊ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ የብረት ጀልባ ፈልጉ። ውስጡ 1 ሜትር ተኩል ባዶ ወለል የማይወጣው ከሆነ ምንም ቢያምር ተዉት። ባለ ፎቁ አያጓጓችሁ። ላይኛው ፎቅ ላይ ዊልቸር ማውጣት ለሚዛንም ለማምለጥም አይበጅም።

ከባለቤቱ ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። ከታደሰ በኋላ የማን ነው? ለስንት ዓመት ለዚህ አገልግሎት ይውላል? ሞተሩ ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ጀልባ ሲዝግ ባለቤት የለውም፣ ታድሶ ካማረ በኋላ ግን ባለቤት ይበዛል።

ጀልባውን የሚመዘግበውና ፈቃድ የሚሰጠው አካል ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወቀው። በር ማስፋት፣ መቀመጫ መንቀል፣ ሞተር መቀየር የጀልባውን ሚዛንና የሚጭነውን ሰው ቁጥር ይለውጣል። ስለዚህ መርማሪው ሥራው ሲያልቅ ከሚመጣ ገና ንድፉን ስትስሉ ቢመጣ ይሻላል። "ይሄ የናንተ ሥራ አይደለም" የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ በእርጋታ መልሱ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስሙ ይጠራል።

ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን የማሪታይም አካዳሚ አለው። ለሚዛን ፍተሻው አንድ መምህር ለምናችሁ ብታመጡ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ከውኃ ማውጣት፦ ሐይቁ ራሱ ይሥራላችሁ

የጣና ውኃ በዓመት ውስጥ 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲያበቃ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ያሉት የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በሮችና ለኃይል ማመንጫ ውኃ ወደ በለስ የሚወስደው ዋሻ ስላሉ ልኩ ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ይህን ለክሬን መተኪያ ተጠቀሙበት። ውኃው ሙሉ ሳለ ዳርቻው ቀስ ብሎ ወደሚያዘቀዝቅበት ቦታ ጀልባውን አስጠጉ። ከሥሩ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድሩ። በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ ጀልባው ግንዱ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ከዚያ በክሪክ ትንሽ ትንሽ እያነሣችሁ ታስተካክሉታላችሁ። በሁለቱም ጎን ድጋፍ አቁሙ፤ ከሥሩ ሰው የሚገባው ድጋፉ ከተፈተሸ በኋላ ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ ደረቅ ላይ ትሠራላችሁ። በክረምቱ መጨረሻ ውኃው ተመልሶ ያነሣዋል።

ጥቅሙ ወጪ መቆጠቡ ብቻ አይደለም። የጊዜ ገደብ ይሰጣችኋል። የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሞተው "እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት" በሚለው ነው። ሐይቁ ይሄን አያውቅም። የታችኛው ብየዳና ቀለም ከሰኔ በፊት ካላለቀ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

ብረቱን መመርመር

ሆዱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ደህና ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም መዶሻው ይገባል። የምትመቱትን ቦታ በጠመኔ በአራት ማዕዘን ከፋፍሉ፣ የተጠረጠረውን አክብቡ። የላሜራ ውፍረት መለኪያ መሣሪያ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ። ካልቻላችሁ የተጠረጠረው ቦታ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ አውጥታችሁ ለኩና መልሳችሁ በይዱት። ከመነሻ ውፍረቱ ሩቡን ያህል ያጣ ላሜራ ይቀየር። ላዩ ላይ ሌላ ላሜራ ለጥፎ መሸፈን አያዋጣም። በሁለቱ መካከል ውኃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፣ እናንተም አታዩትም።

አብዛኛው ዝገት የሚገኘው ከውጭ አይደለም። ውስጥ፣ ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ የዝናብ ውኃና ናፍጣ ተቀላቅለው በሚተኙበት ነው። ስለዚህ ወለሉን ሙሉ በሙሉ አንሡት።

ከብየዳ በፊት የነዳጅ ታንኩ ይውጣ። ባዶ ታንክ ከሙሉው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ተን ይፈነዳል። ከሚበየደው ብረት ጀርባ ያለው ኮምፔንሳቶና ስፖንጅም ይነሣ። አንድ ሰው በባልዲ ውኃና በእሳት ማጥፊያ ይቁም። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያራሳችሁ በብርጭቆ ወረቀት፣ አፍና አፍንጫን በደንብ ሸፍናችሁ ይሁን። በጭስ ማውጫው ዙሪያ የተጠመጠመ አሮጌ፣ ነጭ፣ ክር ክር የሚል ጨርቅ ካያችሁ አትንኩት። አዝቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው ማዕድን፣ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቅ ሰው ይምጣ። ከሥር ላስቲክ አንጥፉና ፍርፋሪውን ሰብስቡ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ዓሣውንም እኛው ነን የምንበላው።

ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው። ንጹሕ ብረት፣ አንቲረስት፣ ከዚያ ለውኃ የሚሆን ቀለም ደርቦ ደርቦ። ቀለም ሻጩ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠውን ቢያቀርብላችሁ እምቢ በሉ። ከሆዱ ላይ ዝገትን በራሱ ላይ ወስዶ የሚያልቅ ብረት ብትገጥሙ ደግሞ ማግኒዚየም ይሁን። ዚንኩ ለጨው ውኃ ነው፣ ጣና ላይ ብዙም አይሠራም።

ቅርሱ የቱ ነው?

እዚህ ላይ ቡድን ይጣላል። ግማሹ "እንደነበረ ይቅር" ይላል፣ ግማሹ "ሁሉም ነገር አዲስ ይሁን"። እኔ የምከተለው ቀላል ነው። የተጨመረው ነገር አንድ ቀን ቢነሣ ጀልባው ወደ ድሮው መመለስ መቻል አለበት። ስለዚህ በብየዳ ፈንታ በቡሎንና በዳዶ መግጠም የሚቻለውን ሁሉ በቡሎን ግጠሙ። ማንኛውም ነገር ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ ቁጥር ይለጠፍበት። የተነቀለው የዋንዛ አግዳሚ ወንበር ለማገዶ አይሂድ፤ በጀርባው ከየት እንደወጣ ተጽፎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የአምራቹ ሳህን፣ መሪው፣ ደወሉ፣ የመስኮቱ ቅርጽ ይቆይ። የጀልባው ስም በድሮው ጸሐፊ እጅ የተሳለ ከሆነ ቅርጹን በላስቲክ ላይ ገልብጡና ከቀለም በኋላ በዚያው ፊደል መልሱት። የድሮ ጀልባ ነጂዎችን ጠይቁ። መሪውን ለዓመታት የያዙ ሽማግሌ የሚነግሯችሁ ነገር የትም ተጽፎ አይገኝም።

ደኅንነት ግን ከቅርስ ይቀድማል። ድሮ የአሸዋ ባልዲ ብቻ ነበረው ተብሎ እሳት ማጥፊያ አይቀርም።

በርና ደፍ

አሮጌ ጀልባ በሩ ጠባብ፣ ደፉ ከፍ ያለ ነው። ደፉን ለማስቸገር አልሠሩትም። ማዕበል ሲረጭ ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ቆርጦ መጣል ቀላል ነው፣ ውኃው ግን ይመጣል። የሚሻለው ደፉን ተነቃይ ማድረግ ነው። ሰው ሲሳፈር ይነሣል፣ ጀልባው ሲነሣ ከነጎማ ማሸጊያው ተመልሶ በማጥበቂያ ይዘጋል። ከበሩ ወዲህ ወለሉ ላይ ተሻጋሪ ቦይ ሥሩ፤ ሾልኮ የገባው ውኃ በዚያ ወደ ውጭ ይፈስሳል። የቦዩ ክዳን ቀዳዳ ጠባብ ይሁን። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ነው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል።

በሩን ስታሰፉ የምትቆርጡት ላሜራ ብቻ አይደለም፣ የጀልባው ጎን የሚቆምበት አጥንት ነው። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት በሁለቱም ጎን፣ ከላይና ከታች ቱቦላሬ በይዳችሁ ሙሉ ፍሬም አድርጉ። ከዚያ ቁረጡ። የቀዳዳው ማዕዘኖች ቀጥ ብለው አይቆረጡ፤ ክብ ይሁኑ። ጀልባ ማዕበል ላይ ሲወዛወዝ ብረቱ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው።

ሚዛን

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ጀልባ የሚገለበጠው ክብደት ስለበዛበት ብቻ አይደለም፣ ክብደቱ ከፍ ስላለ ወይም ወደ አንድ ጎን ስለሄደም ነው።

ለምሳሌ በሩ ላይ ያለውን ከፍታ ለማስቀረት ወለሉን በሙሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ሁሉም ነገር ልሙጥ ይሆናል። ግን ሃያ ሰው ባንዴ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። ጀልባው ይጨፍርባችኋል። ወለሉ ባለበት ይቅርና ከበሩ ወደ ውስጥ የሚወርድ አጭር መወጣጫ ሥሩ። ዊልቸር ማቆሚያው በተቻለ መጠን ዝቅ ባለውና ለመሐል በቀረበው ቦታ ይሁን። የተነቀሉት መቀመጫዎች ከአንድ ጎን ብቻ ከሆኑ ጀልባው ወደ ሌላው ያጋድላል። ያንን ከሥር፣ እንዳይንሸራተት በታሰረ የብረት ክብደት አስተካክሉ። ጣሪያው ላይ ምንም ነገር አይጫን፣ የታጠፈ ዊልቸርም ቢሆን። ከወለል ሥር የሚጠራቀመው ውኃም ቀላል አይደለም። ጀልባው ሲያጋድል እሱም ወደዚያው ጎን ይሮጥና ያባብሰዋል። ፓምፕ ይኑር፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ይታይ።

አሁን ፈተናው። ጥልቀት በሌለው ጸጥ ያለ ውኃ ላይ፣ ባለሙያው ባለበት ይደረግ። አንድ መንገደኛ 75 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ሃያ ሰው ለሚጭን ጀልባ 1,500 ኪሎ ነው፤ ይህም በሚዛን የተመዘነ 30 ባለ 50 ኪሎ የአሸዋ ማዳበሪያ ይሆናል። በማቆሚያዎቹ ላይ ደግሞ በየወንበሩ 300 ኪሎ አስቀምጡ። የሃያው ቁጥር ዊልቸሮቹ የሚወስዱትን ቦታ ቀንሶ የተሰላ መሆን አለበት። ከጣሪያው መሐል በ1 ሜትር ክር ላይ ቱንቢ አንጠልጥሉ፣ ከሥሩ ማስመሪያ አድርጉ። ከዚያ ማዳበሪያዎቹን ጥቂት በጥቂት ወደ አንድ ጎን አጋዙ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎን ጉማሬ ለማየት ቢሮጥ የሚፈጠረውን ማለት ነው። በየጊዜው ቱንቢው ምን ያህል እንደሄደ መዝግቡ።

መንገደኛ ወደ አንድ ጎን ሲበዛ መርከብ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳያጋድል ዓለም አቀፉ ደንብ ይጠይቃል። በ1 ሜትር ክር ላይ 10 ዲግሪ ማለት ቱንቢው 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሄደ ማለት ነው። የናንተው 12 ሲደርስ ቆም ብላችሁ ከባለሙያው ጋር ተነጋገሩ፤ እሱ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ማጋደሉ ሲጀምር እንደ ሌላው ተነሥቶ ቦታ አይቀይርም። ከጠርዙ እስከ ውኃው ያለው ከፍታም አብሮ ይለካ። ውጤቱ ካላማራችሁ መፍትሔው የሰው ቁጥር መቀነስ ነው። ባለቤቱ ቅር ይለዋል። ይበለው።

መሳፈሪያው

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሒሳቡን እንይ። ዊልቸር ተጠቃሚ ያለ ብዙ ድካም የሚወጣው ዳገት 1 ለ12 ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ጀልባው ከዳርቻው 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 6 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል። ሐይቁ 1 ሜትር ተኩል ሲወርድ ደግሞ 18 ሜትር። አሁን በየቦታው የምናየው ሁለት ሜትር ሳንቃ የት እንደሚወድቅ ገመቱት።

ባቡሩ ጋ ችግሩ የሚቃለለው የመሳፈሪያውን ከፍታ ከፉርጎው ወለል ጋር በማስተካከል ነው። እኛ ጋ ውኃው ስለሚነሣና ስለሚወርድ መሳፈሪያውም አብሮ መነሣትና መውረድ አለበት። ስለዚህ የሚንሳፈፍ ይሁን።

እንዲህ ይሠራል። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች፣ ክዳናቸው በደንብ የታሸገ፣ በቱቦላሬ ፍሬም ውስጥ ይታሰራሉ። ብረቱ በርሜል ርካሽ ቢሆንም ይዝጋል። አንድ በርሜል የራሱ ክብደት ተቀንሶ 180 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ባለ 3 በ4 ሜትር መሳፈሪያ ላይ 16 በርሜል ብታደርጉ 2,900 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ፍሬሙና ሳንቃው ከዚያ ላይ ይቀነሳሉ። ሰው ቆሞበትም በርሜሎቹ ከግማሽ በላይ እንዳይጠልቁ አድርጉ። ብዙዎቹ ወደ ጠርዝ ይሁኑ እንጂ መሐል አይታጨቁ፤ አለዚያ አንድ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ሁሉንም ያዘነብለዋል። ሳንቃው ለአካሄድ ተሻጋሪ ሆኖ ይደርደር፣ ክፍተቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ብትነዙበት አያዳልጥም። ዙሪያውን የዊልቸሩ ጎማ እንዳያመልጥ 10 ሴንቲ ሜትር የሚያህል መከልከያና 90 ሴንቲ ሜትር የእጅ ድጋፍ ይኑረው። መሳፈሪያው እንዳይሄድ በአራት ጥግ የጽድ ምሰሶ ተክላችሁ፣ ምሰሶው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተት የብረት ቀለበት ያዙት።

ከመሬት ወደ ተንሳፋፊው የሚወስደውስ? 18 ሜትር የሚንጠለጠል ብረት ድልድይ ውድ ነው። ርካሹ መንገድ ዳርቻውን ራሱን መወጣጫ ማድረግ ነው። ግንቦት ላይ ውኃው ሲሸሽ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ 1 ለ12 የሆነ የድንጋይ መንገድ ገንቡ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል። በየ9 ሜትሩ ለማረፊያ 1 ሜትር ተኩል ልሙጥ ቦታ ይተው። በውኃ ልክ እየለካችሁ፤ በዓይን አይሆንም። ከዚያ ሐይቁ ሲወርድ ተንሳፋፊውን በመንገዱ ርዝመት ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ፣ ሲሞላ ትመልሱታላችሁ። ለዚህ በመንገዱ ጎን ከአንድ በላይ የምሰሶ ቦታ ይዘጋጅ። ዳርቻ ላይ ድንጋይ መደርደር የከተማውንና ሐይቁን የሚጠብቀውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ማመልከቻው በጥቅምት ቢገባ ለግንቦት ይደርሳል። ለግንባታው ቀን ጅጊ ጥሩ። ድንጋይ ማቀበል ላይ ጎጃም ትምህርት አይፈልግም።

የተንሳፋፊው ከፍታ መንገደኛ በግማሽ ከጫነ ጀልባ ወለል ጋር ይስተካከል። የምትቀረውን ልዩነት 1 ሜትር ርዝመት፣ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሸካራ የአልሙኒየም መሸጋገሪያ ይሸፍናታል። 8 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ለእሱ ልኩ ነው። አንዱ ጫፉ ጀልባው ላይ በመንጠቆ ይያያዝ፣ ሌላው ተንሳፋፊው ላይ ነጻ ሆኖ ይንሸራተት። ሁለቱንም ካሰራችሁት ማዕበል ይገነጥለዋል። ጀልባው ከፊትም ከኋላም ይታሰር፣ ሞተሩ ይጥፋ። ዊልቸሩ በአንድ ጎን ሲገባ ጀልባው ወደዚያ ዝቅ ስለሚል ሌሎች መንገደኞች ቀድመው በወዲያኛው ጎን ይቀመጡ።

ውስጡ

ማቆሚያው አጠገብ የአጃቢ ወንበር ይኑር። ሰው ቤተሰቡን ወዲያ ጫፍ አስቀምጦ ብቻውን ጥግ መቆም አይፈልግም። ደግሞ ዓይኑን አስቡለት። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 ላይ ነው። ብዙ ጀልባ ላይ የእጅ ድጋፉ ብረት የሚያልፈው ልክ እዚያ ነው። ጣናን ሊያይ ሄዶ ቱቦ ሲያይ ይመለሳል። ማቆሚያውን ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁ እዚያ ተቀምጣችሁ እዩ።

ማሰሪያ ላይ መኪናና ጀልባ ይለያያሉ። መኪና ውስጥ ወንበሩ ከወለሉ ጋር፣ ሰውየውም በቀበቶ ይታሰራል። ጀልባ ላይ ወንበሩ ይታሰራል፣ ሰው ግን ከወንበሩ ጋር አይታሰርም። ጀልባው ቢገለበጥ ወንበሩ ይዞት ይሰምጣል። ወንበሩ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ማሰሪያ ይኑረው፤ መንጠቆዎቹ ከጀልባው አጥንት ጋር በቡሎን የተያዙ እንጂ በሳንቃ ላይ የተመቱ አይሁኑ። ፍሬን መያዝ ብቻውን አይበቃም። ላይፍ ጃኬት ከልብስ ሁሉ በላይ ይለበስ፣ የወንበሩ ቀበቶ በላዩ አይለፍ። ለመቀመጥ ቀበቶ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ባንድ እጅ የሚፈታ ይሁን፣ ማን እንደሚፈታለትም ከመነሣት በፊት ስሙ ይጠራ። የባትሪ ወንበር ማብሪያው ይጥፋ፣ ከነዳጁም ይራቅ።

ሙከራና መድረሻ

ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ሙከራውም ጉዞውም ጠዋት ይሁን። መጀመሪያ ባዶ ወንበር በአሸዋ ጭናችሁ አሳፍሩ፣ ከዚያ የቡድኑ አባል የሆነ ተጠቃሚ ይሞክረው። ሠራተኞቹን ስታሠለጥኑ ዋናው ነገር ሳይጠይቁ ወንበር አለመያዝ ነው። "ጋሼ፣ እንዴት ላግዝዎት?" ይበል። "ተወኝ፣ ከኋላዬ ቁም ብቻ" ካሉት ከኋላ ይቁም። ቁልቁለት ላይ ረዳቱ ሁልጊዜ በታችኛው በኩል ነው።

የት ይሂዱ? ዘጌ ሁሉም የሚያስበው ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ከዳርቻው በቡና ጫካ ውስጥ ድንጋያማ ዳገት አለው። ያ መንገድ ሳይስተካከል ሰውን ወስዶ ድንጋይ ፊት ማቆም ነው። ክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴት አይገባም። መጀመሪያ ሳይወርዱ የሚመለሱበትን ዙር ጀምሩ፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ድረስ፣ ጉማሬ በሚታይበት ማለዳ። ገዳም የሚኬድበት ቀን ሲመጣ አስቀድማችሁ አባቶችን ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፤ ጎማስ? ንጹሕ የጎማ ሽፋን ጨርቅ አሰፍታችሁ ሄዳችሁ ብታሳዩአቸው ንግግሩ ይቀላል።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ጀልባው ላይ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ፓምፑ፣ የመሸጋገሪያው መንጠቆ፣ አራቱ ማሰሪያዎች ታይተው ይፈረምበት። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በርሜሎቹ አንድ በአንድ ይነቅነቁ፤ ውስጡ ውኃ የሚንቦጫረቅ ካለ ክረምት ሳይገባ ይቀየር።